የጠፋችው ፊደል

ኮልፌን ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከኔልሰን ማንዴላ ነው። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ነውና ብንኮራበት አይፈረድብንም። ዛሬ ግን እናንተን ይዤ የምዞረው በሌላ ኮልፌ ነው። ከሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ተነስተን፣ 18 ማዞሪያን አልፈን፣ አጣና ተራ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት እንደርሳለን። የምንፈልገው አንዲት ፊደል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጄን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ልጁንም እናውቀዋለን። ሁለቱ ልጆች ቀኑን ቆርጠው፣ አዳራሹን ሳይቀር አይተው የጨረሱ ይመስለኛል። እናቴ ግን 84 ዓመቷ ነው፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እናቴ እንዲህ ስትል ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የልጁ ወገን በአባቱ በኩል ከደቡብ ጎንደር፣ ከደራ ነው። እናቴ በራሷ በኩል ያለውን ትውልድ እንደ ዳዊት ወረደችው። በአባቴ በኩል ግን ከአያቴ በላይ ስትደርስ ቆመች። አባቴ ስለ ቅድመ አያቴ አገር ሲጠየቅ «ጎንደር ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገር ነበር። ጎንደር ሰፊ ነው፤ ደራም ጎንደር ነው። ቅድመ አያቴ ደግሞ ከልጄ ወደ ላይ ሲቆጠር አራተኛው ነው፤ ሰባት ለመሙላት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሽማግሌዎቹ በሁለት ሳምንት ተመልሰው እንዲመጡ ተቀጠሩ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንደ ዕድል ሆኖ ግን ታሪኩን አስጽፎ ነው ያለፈ። ሐምሌ 1991 ዓ.ም. ላይ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ አጣና ተራ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ለሦስት ሳምንት እየተመላለሰ፣ እሱ እየተናገረ ጸሐፊዋ በኮምፒውተር እየጻፈች 40 ገጽ ሞላ። አንድ ቅጂ ብቻ አሳትሞ ደብረ ብርሃን ለሚኖር ታላቅ ወንድሙ ሰጠው። ወንድምየውም አረፉ፤ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኛ ጋ የቀረው ፍሎፒ ዲስኩ ነበር፤ እሱንም በ1998 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ወደ ሲዲ ገለበጠው። ሲዲውን ከቁም ሣጥን ሳወጣ ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ።

ለካስ ገና መጀመሩ ነው።

ሚኪሊላንድ የምኖርበት ሕንፃ ሥር ካሉት ሦስት የኮምፒውተር ቤቶች አንዱም ሲዲ የሚያነብ ማሽን የለውም። አራተኛው ጋ ተገኘ። ልጁ ሲዲውን ከትቶ ፋይሉን ሲከፍተው በስክሪኑ ላይ ነጠብጣብና ጭረት የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክትና ቅንፍ ተቀላቅለው እንደ ሽንብራ ተዘሩበት። «ጋሼ፣ ይሄ ቫይረስ በልቶታል» አለኝ። ሆዴ ቡጭ አለ። ጓደኛው ግን ጠጋ ብሎ አየና «ቫይረስ አይደለም፣ የድሮ ግዕዝ ነው» አለ። ከኢንተርኔት አንድ መቀየሪያ አወረደ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነ። አማርኛው ብቅ አለ። የአባቴ ቃል፣ የአባቴ አነጋገር። እንባዬን ልጆቹ እንዳያዩብኝ መነጽሬን አወለቅሁ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጽሑፉ አልፎ አልፎ የጥያቄ ምልክት አለበት፤ እየገመትኩ አለፍኩ። ገጽ 11 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «አባቴ እንደነገረኝ የእሱ አባት ልጅ ሳለ ከ?ራ ወጥቶ ሸዋ ገባ» ይላል። ከምን «ራ»? እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «ደራ ነው» አለች። «ይኸው፣ ፈርቼ ነበር።»

በማግስቱ ሲዲውን በፌስታል ጠቅልዬ ያቺን ጽሕፈት ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ከ18 ማዞሪያ ወዲህ ያለውን ሚኒባስ ትቼ በእግሬ ነበር የሄድኩት፤ ኮልፌን በእግር ካልሄዱባት አታወራም። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ዛሬም ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ የአማርኛ ጽሑፍ» የሚሉ ታፔላዎች ተደርድረዋል። ከሱ ቀጥሎ አጣና ተራ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር እንደ አጥር ቆሞ፣ ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል። እዚህ ሰፈር ያደግን ልጆች የአዲስ ቤት ሽታ የምንለው እሱን ነው።

መንገዴን እየሄድኩ የጥያቄ ምልክቷን ነገር ሳስብ፣ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያነበብኩትና ከሰው የሰማሁት ተራ በተራ መጣልኝ። በመንገዳችን ላይ ላጫውታችሁ።

ፊደላችንን ወደ ማሽን ለማስገባት የታገሉት ሰዎች ሁሉ የተጋጠሙት ከአንድ ነገር ጋር ነው፤ ከብዛቱ። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ሆኖ ጠበቃቸው። ዲቃላ ፊደላቱ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት ወደ 300 ይጠጋል። የጽሕፈት መኪና ግን ያለው አርባ ምናምን ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምልክት ቢሸከም እንኳ መቶ አይሞላም። ስለዚህ ፊደሉን መቆራረጥ ግድ ሆነ፤ ግዕዙን ይመቱና እግሩን፣ ክንዱን፣ ቀለበቱን ይቀጥሉበታል። በድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ላይ የ«ሉ» እግር ከአካሏ ራቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ያያችሁ አንባቢያን የምለው ይገባችኋል። የሰው ልጅ ታይቶ የማይታወቅ ውበት ነው አልልም፤ ነገር ግን ብዙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በዚያ ማሽን ተጽፏል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቁልፉ ሳይሆን ሣጥኑ አነሰ። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለአንድ የፊደል ዓይነት፣ ማለትም ለአንድ ፎንት፣ የሚሰጠው 256 ሣጥን ብቻ ነው፤ ከነሱም የተወሰኑት ለማሽኑ ለራሱ ሥራ የተያዙ ናቸው። የእንግሊዝኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ተንፈላሶ ይኖራል። የእኛ ግን እንደ ኮልፌ የድሮ ቀበሌ ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ብዙ፣ ክፍሉ አንድ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ችግር ከፈቱት ሰዎች መካከል ሁለቱ አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አቶ ፍስሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በተባለው ድርጅታቸው በኩል፣ ዶ/ር አበራ ሞላ ደግሞ ሞድኢት ብለው በሰየሙት ሥራቸው ግዕዝን በኮምፒውተር መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ። ዶ/ር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ አዲስ አበባን ካስጠረጉት ከአርቲስቱ ከጋሽ አበራ ሞላ ጋር አታምታቷቸው። ከሁለቱ ማን ቀደመ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔ በክርክሩ አልገባም። እነሱ ሲጀምሩ ገበያም፣ ደመወዝም የሚከፍል አልነበረም፤ ይህ ለኔ ይበቃኛል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተነሳ። በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ የሳይንስ ሰዎች ለሚወዱት ቴክ ለተባለው የኅትመት ፕሮግራም ግዕዝን አዘጋጁ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል በማያሻማ መንገድ ጽፎ በኢሜይል መላላክ የሚቻልበትን ዘዴ ቀየሱ፤ የዘዴው ስም በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲነበብ «ሴራ» ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ሴራ አልነበረበትም። እዚህ አገር ቤት በየጽሕፈት ቤቱ ስማቸው ይጠራ የነበረው ዋሸራ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ ናቸው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ «ወርድፐርፌክት፣ ሎተስ፣ ዲቤዝ» የሚል ታፔላ ሥር የተማረ የአዲስ አበባ ወጣት ከነዚህ አንዱን ሳይነካ አላለፈም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በ256ቱ ሣጥን ውስጥ የደረደረው በራሱ መንገድ ነው። አንዱ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ሣጥን ሌላው «ጨ»ን አስቀመጠ። አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ፊደሉን ቆራረጠ። አንዳንዱ ደግሞ ለሁለት ከፈለው፤ ዋና ዋናዎቹ በአንደኛው ፎንት፣ ትርፎቹ በሁለተኛው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም ቸኩሎ ነበር፣ ሁሉም ደንበኛውን ማስደሰት ነበረበት። አንድ ላይ ተቀምጦ «ሀ እዚህ ትሁን» የሚል ስምምነት ግን ለረጅም ጊዜ ሳይኖር ቀረ። አሥር ጎረቤት አሥር ቁልፍ ሠርቶ፣ ቁልፉን ይዞ የሄደ ሰው ዕቃውን ቆልፎብን ሄደ ማለት ነው።

ስምምነቱ የመጣው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የዩኒኮድ ኮንሶርሺየም የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ እያስገባ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር መስጠት ጀመረ። ግዕዝ የገባው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው፤ 345 ምልክት ይዞ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሽን 4608 ናት። «ለ» 4616፣ «መ» 4632። ኮልፌ ስትጻፍ 4782፣ 4621፣ 4940 ነው። ቶኪዮም ሆነ አጣና ተራ ያው ነው። አባቴ ታሪኩን ያስጻፈው ሐምሌ 1991 ዓ.ም. ላይ ነበር ብያችኋለሁ፤ ፈረንጆቹ ጁላይ 1999 ይሉታል። ከሁለት ወር በኋላ ነው ፊደሉ ቁጥር ያገኘው። እርግጥ መዝገቡ ወጣ ማለት በማግስቱ አጣና ተራ ደረሰ ማለት አይደለም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከነአማርኛው በዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ተካቶ ሲመጣ ጊዜው ጥር 1999 ዓ.ም.፣ የራሳችን ሚሊኒየም ስምንት ወር ሲቀረው ነበር። እስከዚያ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን በድሮው ቀጥለዋል።

ሶፍትዌር ከሸፈ ሲባል የእኛ ሰፈር ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በየቤቱ እልል ተባለ። በቀናት ውስጥ የዕጣ ማውጫው ሥርዓት ውስጥ መካተት የማይገባቸው ሰዎች ገብተው በመገኘታቸው ዕጣው ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በሚኪሊላንድ እልል ብለው በሳምንቱ ዝም ያሉ ቤቶችን አውቃለሁ። ያ ዓይነቱ ውድቀት ይጮኻል፤ ቴሌቪዥን ያወራዋል፣ የሚጠየቅ ሰው ይፈለግለታል። ደግሞ ጮኾ ያልደረሰም አለ፤ ፈረንጆቹ 2000 ዓመተ ምሕረት ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል ብለው ሲሸበሩ እኛ ገና ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ላይ ነበርን፤ ሌሊቱም በሰላም አለፈ። የፊደሉ ውድቀት ግን ድምፅ የለውም። ቁም ሣጥን ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ተኝቶ ይጠብቃችሁና ሽማግሌ በር ሲያንኳኳ ይነሳል።

ጽሕፈት ቤቷን አገኘኋት። በሩ ተቀይሯል፤ ጸሐፊዋ ግን ያው ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። የአባቴን ስም ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ኮፍያ የማያወልቁት? ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር የሚነግሩኝ?» አሉ። እሱ ነው፤ አባቴ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ስትገባ የሚያመው ሰው ነበር።

አግዳሚው ላይ አንድ የአጣና ነጋዴ ውል ሊያስጽፉ ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ሲሰሙ «ሰባት ቤት?» ብለው ሳቁ፤ እሳቸው የሰባት ቤት ጉራጌ ናቸውና ቃሉ ሌላ ነገር አሳስቧቸው ነው። ለነገሩ የእሳቸው ቋንቋ የሚፈልጋቸው፣ በአማርኛ የሌሉት የመ፣ የበ፣ የፈና የፐ ዝርያዎች ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ይህን ስነግራቸው «እኛ መቼም መጨረሻ ላይ ነን፣ ግን ገብተናል አይደል?» አሉና ተራቸውን ለቀቁልኝ።

ለጸሐፊዋ በመቀየሪያ የወጣውን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥያቄ ምልክቶቹን ብቻ በእርሳስ እየከበቡ ወረዱ። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «?ደኛው። ይሄ ጓደኛው ነው አይደል? የአገሩ ?ን?። ቋንቋ። በል?ል። በልቷል። አዩት ጋሼ?»

አላየሁም። 

«ጓ፣ ቋ፣ ቷ» አሉ። «የጠፉት በሙሉ ዲቃሎቹ ናቸው። በዚያን ጊዜ የምንጽፍበት ግዕዝ ሁለት ፎንት ነበረው። ዋናዎቹ ፊደላት በአንደኛው ነበሩ፤ ዲቃሎቹ ሲመጡ ቁልፍ ተጭነን ወደ ሁለተኛው እንሻገራለን፣ እንጽፍና እንመለሳለን። ልጆቹ የተጠቀሙበት መቀየሪያ አንደኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ላይ ያለውን ሁሉ ጥያቄ ምልክት አደረገው።»

ቀስ ብሎ ገባኝ። «ደ»ስ? አልኳቸው።

«ደማ ዋና ናት። ይኸው፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ብሎ ያለ እንከን ጽፎታል። እዚህም ደጃዝማች። ደራ ቢሆን ኖሮ ደራ ብሎ ያወጣው ነበር። ይቺ «ራ» ፊት ያለችው ዲቃላ ናት።»

ዲቃላ ፊደል ሆኖ ከኋላው «ራ» የሚከተለው፣ ጎንደር ውስጥ ያለ አገር። እኔና እሳቸው ባንድ ጊዜ አልነው። ቋራ!

እሳቸው ግን በግምት አይረኩም። ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒውተር ገለጡ። ልጃቸው በየዓመቱ «ይሄ ቆርቆሮ ይጣል» እያለ እሳቸው እምቢ እያሉ ያቆዩት ነው፤ የድሮ ደንበኞች አንዳንዴ እንደ እኔ ስለሚመጡ። ሲዲ ይበላል፤ ሁለቱም ፎንት አለው። ለመነሳት የፈጀበትን ጊዜ ያህል ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ፋይሉ ተከፈተ። አንድም ጥያቄ ምልክት የለ፣ አንድም የፈረንጅ ፊደል የለ። ጸሐፊዋ በ1991 ዓ.ም. ክረምት እንደተዉት ቁጭ ብሏል። ገጽ 11፤ «ልጅ ሳለ ከቋራ ወጥቶ ሸዋ ገባ»።

አሮጌው ማሽን ላይ ሙሉውን አሳተሙልኝ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ገጽ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከወረቀቱ እያዩ እንደገና ሊጽፉልኝ ተስማማን። መቀየሪያውን አላምነውም አሉ። እኔም ከእንግዲህ አላምነውም።

ወደ ቤት ስመለስ ያየሁትን አልደብቃችሁም፤ ሚኒባስ ውስጥ ገጽ 11ን ተሻግሬ ገጽ 12ን አነበብኩ። ቀድሞ መቀየሪያው ሲያወጣው ጥያቄ ምልክት ስለበዛበት ለእናቴም ሳላነብላት የቀረሁት ገጽ ነው።

እናቴ «ቋራ» ስላት ወዲያው አላመነችም። «የቋራ ሰው ቢሆን ኖሮ አባትህ ቴዎድሮስን ሳያነሳ አንድ ቀን ውሎ ያድር ነበር?» አለች። እውነቷን ነው፤ የቋራ ሰው ሆኖ በዚህ የማይኮራ የለም። ወረቀቱን አውጥቼ ገጽ 12ን አነበብኩላት። ቅድመ አያቴ ቋራን የለቀቀው በፈቃዱ አልነበረም። አባቱ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ፣ ደሙ ሳይደርቅ በሌሊት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የአገሩ ስም በቤታቸው እንዳይጠራ ተማማሉ። አባቴም መሐላውን ጠብቆ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ግን ነገሩ አብሮት እንዲቀበር አልፈለገም፤ በወረቀት ላይ እንጂ በአፉ ለማንም አልተናገረም። ጽሑፉም እንዲሁ ይላል።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ። ቋራና ደራ እንደማይገናኙ ተቆጠረ፣ ተመረቀ፣ ተበላ። የደሙን ነገር አላነሳንም፤ እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ማታ ላይ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

«ያቺን ጸሐፊ በገጽ ስንት ከፈላት አልከኝ?»

«ያኔ ሦስት ብር ነበር አሉኝ፣ እማዬ።»

ቆየች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ለኔ በነጻ ይነግረኝ አልነበረ?» አለች። ከዚያ ትራሷን ደገፍ ብላ «በል፣ 13ን አንብብ» አለችኝ።